ሂትለርን ለሥልጣን ያበቃችው ያቺ ትንሿ ግዛት ናት?

ሰላም የዚህ ቤት ሰዎች። አንድ ጥያቄ ይዤ መጥቻለሁ። ስለ ሂትለር አነሳስ ሲወራ ሁሌ የሚጠሩት ሙኒክ፣ ኑረንበርግና በርሊን ናቸው። ሊፔ የምትባል ግዛት እንደነበረች ስንቶቻችን እናውቃለን? ዋና ከተማዋ ዴትሞልድ ነው። ስፋቷ 1,215 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ነው፣ አዲስ አበባ ሁለቴ ገብታባት ትንሽ ቦታ ይተርፋል። በ1925 ሕዝቧ 165 ሺህ ገደማ ነበር። (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ ናቸው፣ ኋላ በዚህ እንዳንጣላ።)

ነገሩ ወዲህ ነው። በኖቬምበር 1932ቱ የመላ ጀርመን ምርጫ ናዚዎች ሁለት ሚሊዮን ያህል ድምፅ አጡ። ካዝናቸው ተራቁቷል። ዲሴምበር 8 ደግሞ ከሂትለር ቀጥሎ ትልቁ ሰው የሚባለው ግሬጎር ሽትራሰር ኃላፊነቱን ሁሉ ጥሎ ወጣ። ብዙ ጋዜጣ አበቃላቸው ብሎ ነበር። በዚህ መሀል ጃንዋሪ 15 ቀን 1933 ሊፔ ውስጥ የምክር ቤት ምርጫ ነበር። በእኛ ጥር 7 ቀን 1925 መሆኑ ነው። ሂትለር ሌላውን ሁሉ ትቶ ወደዚያች ግዛት ከተተ። በአሥር ቀን ውስጥ 16 ንግግር አደረገ። ትልቅ አዳራሽ በሌለበት ድንኳን እየተተከለ፣ ሰው በመኪናና በባቡር ከሌላ ቦታ እየተጫነ። ውጤቱ 39.5 ከመቶ ሆነ። 21 መቀመጫ ካለው ምክር ቤት 9ኙን አገኙ። ጋዜጦቻቸው ዓለምን የገለበጡ ያህል ነፉበት። ከ15 ቀን በኋላ፣ ጃንዋሪ 30፣ ሂትለር ቻንስለር፣ ማለት የጀርመን መንግሥት መሪ ሆነ።

የኔ አቋም ይህ ነው። ሊፔ ሂትለርን አላወጣችውም። ከአሥር መራጭ ስድስቱ ሌላ ነው የመረጠው። ያወጡት በርሊን የተቀመጡ ጥቂት ሰዎች ናቸው። ነገር ግን እነዚያ ትንንሽ ግዛቶች ባይኖሩ ለናዚዎች ብዙ በር ዝግ ሆኖ ይቀር ነበር። ምን ትላላችሁ?

ይህን ለጠፍኩና ወጣሁ። ስመለስ ኮመንቱ ተቆልሏል። ክሩ ስለረዘመ፣ አሁን ለሚገባ ሰው እንዲመቸው መልሶቹን በቁጥራቸው እየጠራሁ በራሴ አነጋገር ላውጋችሁ።

ቁጥር 1 በጣም ጨዋ ሰው ነው። አመስግኖ የጠየቀው ቀላል የሚመስል ከባድ ጥያቄ ነው። ጀርመን በ1871 አንድ ሆና የለ እንዴ፣ ይህ ሁሉ ትንንሽ ግዛት ከየት መጣ አለ። ቁጥር 2 ላይ የመለስኩት እኔ ነኝ። በ1871 አንድ የሆነችው ነገሥታቱንና መሳፍንቱን እንደያዘች ነው። በኖቬምበር 1918 እነዚህ 22 ዙፋኖች በጥቂት ቀናት ውስጥ ወደቁ። የሊፔው ልዑል ሊዮፖልድ አራተኛ ኖቬምበር 12 ለቀቀ። ዙፋኑ ቢወድቅም ድንበሩ ግን እዚያው ቀረ። ልዑሉ የሄደበት እያንዳንዱ ግዛት የራሱ ምክር ቤት፣ የራሱ ሚኒስትር፣ የራሱ ፖሊስና ትምህርት ቤት ያለው ሪፐብሊክ ሆነ። አንዳንዶቹ ተዋሃዱ፣ ለምሳሌ ሰባቱ በሜይ 1920 ቱሪንጂያ የሚባለውን ግዛት መሠረቱ። ቫልዴክ በ1929 ፕሩሲያ ውስጥ ገባች፣ ከዚያ የቀሩት 17 ነበሩ። ፕሩሲያ ብቻዋን ከአገሩ ግማሽ በላይ ስትሆን ሊፔ እፍኝ አትሞላም፣ ሕጉ ግን ሁለቱንም ግዛት ይላቸዋል።

ቁጥር 3 ገና ሲገባ ጀምሮ እርግጠኛ ነበር። የሊፔ ሰው ድሮም ናዚ ነው፣ ልዑሉ ራሱ የናዚዎቹ ፕሮፓጋንዳ ሹም የጎብልስ ረዳት ሆኖ ሠርቷል ብሎ ደመደመ። ቁጥር 4 አረመው፣ በትሕትና ሳይሆን በጥርስ። ያ ልዑል ከሻውምቡርግ ሊፔ ቤተሰብ ነው። ሻውምቡርግ ሊፔ ሌላ ግዛት ናት፣ ዋና ከተማዋ ቡከቡርግ፣ ስፋቷ 340 ስኩዌር ኪሎ ሜትር፣ ሕዝቧ 50 ሺህ የማይሞላ፣ ከሊፔም የምታንስ። ደግሞም ናዚዎች እስኪመጡ ድረስ መንግሥቷን የሚመራው ሶሻል ዴሞክራት ነበር። ሊፔም እንደዚያው። ከ1920 እስከ 1933 መጀመሪያ ሊፔን የመራት ሃይንሪሽ ድራከ የሚባል ሶሻል ዴሞክራት ነው። ቁጥር 3 እሺ ሁለቱም ሊፔ ናቸው አይደል ብሎ ተወው። ይሄ ምን ዓይነት መልስ ነው፣ እሱን ጠይቁት።

ከዚያ ቁጥር 5 መጣ። የክሩ ምርጥ መልስ የእሱ ነው ብዬ አምናለሁ። ቁጥር ይወዳል። የሊፔ ናዚዎች በጁላይ 1932 42 ሺህ ድምፅ ነበራቸው። በኖቬምበር ወደ 33 ሺህ ወረዱ። በጃንዋሪ 39 ሺህ አገኙ። ይኸው ነው ድሉ። ከኖቬምበሩ ስድስት ሺህ ጨመሩ፣ ከጁላዩ ግን ሦስት ሺህ ያህል ጎደሉ። ይህም የፓርቲው መሪ በአካል ተገኝቶ፣ የተናጋሪው ሁሉ ቁንጮ እዚያች አንዲት ግዛት ተከማችቶ ነው። ለአንድ ወረዳ ያህል ሕዝብ ይህን ሁሉ ጉልበት አፍስሶ የቀድሞ ራሱን መድረስ ያልቻለ ፓርቲ አሸነፈ ማለት ይከብዳል ይላል። ቀጥሎ ያለው ደግሞ ለኔም አዲስ ነበር። ሶሻል ዴሞክራቶቹም ወደ አራት ሺህ ድምፅ ጨምረዋል፣ 7 መቀመጫ ይዘዋል። የቀነሱት ኮሚኒስቶቹና ወግ አጥባቂዎቹ ብሔርተኞች ናቸው። ስለዚህ ናዚዎች ብዙውን የወሰዱት ከቀኝ ጎረቤቶቻቸው ሳይሆን አይቀርም የሚል ግምት አስቀመጠ። ግምት መሆኑንም ራሱ ነው የተናገረው፣ ይህን ወደድኩለት።

ቁጥር 6 በዚህ ተቃጠለ። ቁጥር 5ን ናዚዎችን ልታጥብ ነው ብሎ ከሰሰው። 39 ከመቶ የሚሆን ሕዝብ ለእነዚያ ሰዎች ድምፅ መስጠቱ ሊያስደነግጥ ሲገባ፣ እዚህ ቁጭ ብሎ መደመርና መቀነስ ምንድነው አለ። ንዴቱ ይገባኛል። ክሱ ግን ቦታውን ስቷል። ቁጥር 5 ያለው ድምፁ ትንሽ ነው ሳይሆን ጩኸቱ ከድምፁ በላጭ ነው ነው። በሁለቱ መካከል ልዩነት አለ።

ቁጥር 7 ጨዋታውን ወደ በርሊን ወሰደው፣ እኔም የምፈልገው እሱን ነበር። ጃንዋሪ 4 ቀን፣ ማለት ከሊፔ ምርጫ 11 ቀን በፊት፣ ሂትለርና የቀድሞው ቻንስለር ፍራንዝ ፎን ፓፐን ኮሎኝ ውስጥ ኩርት ፎን ሽሮደር በሚባል ባንከኛ ቤት ተገናኙ። ፓፐን በቦታው የተቀመጠውን ቻንስለር ጄነራል ኩርት ፎን ሽላይኸርን ለመጣል ቂም ይዟል። ሂትለር ሥልጣን ይፈልጋል። ሁለቱ ተፈላልገዋል። በዚያው ምሽት ሂትለር ሊፔ ገብቶ የምርጫ ቅስቀሳውን ጀመረ። ስለዚህ ሽርኩ የተጀመረው አንድ የሊፔ ሰው ድምፅ ሳይሰጥ ነው።

ቁጥር 8 ግን አልተቀበለውም፣ ክርክሩም ጥሩ ነበር። ሽርክ መጀመር አንድ ነገር ነው፣ መጨረስ ሌላ ነው ባይ ነው። ጃንዋሪ 18 ሂትለርና ፓፐን እንደገና በርሊን ውስጥ ሪበንትሮፕ በሚባል የናዚ ፓርቲ ሰው ቤት ተገናኙ። በዚያ ጊዜ ሂትለር የሊፔን ውጤት ኪሱ ውስጥ ይዞ ነው የመጣው። ቻንስለርነቱን ካልሰጣችሁኝ አለ፣ ድርድሩን አጠነከረ። ጃንዋሪ 22 ደግሞ የፕሬዚዳንት ሂንደንቡርግ ልጅ ኦስካር ተጨመረበት። ሊፔ ላይ ቢሸነፍ ኖሮ ያን ዓይነት አንደበት ከየት ያመጣ ነበር ብሎ ጠየቀ። ለቁጥር 8 እዚያው መልሼለታለሁ። አንደበቱን ሊፔ አሳምራለት ይሆናል። ነገር ግን ሹመቱን የፈረመው ሂንደንቡርግ ነው፣ ያሳመኑት ደግሞ እነ ፓፐን ናቸው። እነሱ ባይፈልጉት ኖሮ በዴትሞልድ 9 ወንበር ይዞ የት ይደርሳል? ቁጥር 8 አልተስማማም። አሁንም አልተስማማም መሰለኝ።

ቁጥር 9 ቀልደኛ ነው። ሂትለር በዚያ ቅስቀሳ ጊዜ የሚያድረው ግሬቨንቡርግ በሚባል በውኃ የተከበበ የአንድ ባሮን ግንብ ነበር፣ ግንቡ ግን ከሊፔ ድንበር ውጭ በፕሩሲያ ነው ብሎ ጻፈ። ለሊፔ ሕዝብ ነፍሴን እሰጣለሁ የሚል ሰው አንድ ሌሊት እንኳ ሊፔ ማደር አልፈለገም ብሎ ሳቀ። ከሁሉ ብዙ ላይክ ያገኘው እሱ ነው፣ የቁጥር 5 ድካም ውኃ በላው።

ቁጥር 10 ሆላንድ የምትኖር እህታችን ናት። ጎረቤቷ የነበሩ አሮጊት አያታቸው የሊፔ ሰው እንደነበሩ ነግረዋታል። ድሮ የሊፔ ወንዶች ክረምቱ ሲያልፍ ተነስተው በየአገሩ ጡብ ሊሠሩ ይሄዱ ነበር። ወደ ሰሜን ጀርመን፣ ወደ ሆላንድ፣ እስከ ዴንማርክ። በሺህ የሚቆጠሩ። በመከር ገንዘባቸውን ይዘው ይመለሳሉ። አንዳንዱ እንደ አሮጊቷ አያት ሳይመለስ ይቀራል። ግዛቲቱ ደሃ ነበረች፣ መሬቱ ሁሉንም አይመግብም። ጉዳዩ ከምርጫው ጋር ምን አገናኘው የሚል አንድ ሰው ነበር (ቁጥር 11)። ለኔ ግን ያገናኘዋል። በ1933 ሥራ አጥነት የት የት እንደበረታ ሲታሰብ፣ እንዲህ ያለ ወቅታዊ ሥራ ላይ የተንጠለጠለ አገር እንዴት እንደሚጎዳ ለመገመት ሊቅ መሆን አያስፈልግም።

ከዚህ በኋላ ክሩ ከሊፔ ወጣ። የኔን ሁለተኛ ነጥብ ማለትም የትንንሾቹን በሮች ጉዳይ ያነሳው ቁጥር 12 ነው። ሂትለር በ1925 የኦስትሪያ ዜግነቱን ትቷል። የጀርመን ዜግነት ግን የለውም። በ1932 ለፕሬዚዳንትነት ለመወዳደር ሲነሳ ይህ ችግር ሆነበት። ሕጉ አንድ ቀዳዳ ነበረው፣ በአንድ ግዛት የመንግሥት ሠራተኛ ሆኖ የተሾመ ሰው የዚያ ግዛት ዜጋ ይሆናል፣ በዚያም ጀርመናዊ ይሆናል። ብራውንሽቫይግ በምትባል ግዛት ዲትሪሽ ክላገስ የሚባል ናዚ ሚኒስትር ነበር። መጀመሪያ ሂትለርን በቴክኒክ ኮሌጁ ፕሮፌሰር አድርጎ ሊሾመው ሞከረ። አልሆነም። ቀጥሎ በርሊን በሚገኘው የብራውንሽቫይግ ተወካይ ቢሮ አማካሪ አድርጎ አስገባው። ፌብሩዋሪ 1932 መጨረሻ ላይ ነው። ምርጫው ማርች 13። ቁጥር 13 ከዚህ የባሰ አለ ብሎ ገባ። በ1930 ቱሪንጂያ ውስጥ ቪልሄልም ፍሪክ ሚኒስትር ሆኖ ነበር፣ በጀርመን ግዛቶች የመጀመሪያው ናዚ ሚኒስትር እሱ ነው። እሱ ደግሞ ሂትለርን ሂልድቡርግሃውዘን በምትባል ትንሽ ከተማ የገጠር ፖሊስ ሹም ሊያደርገው ፈልጎ ነበር። ያም ሳይሳካ ቀረ። በኋላ ወሬው ሲወጣ አገር ሳቀበት።

እኔ በሩ የምለው ይህን ነው። ፕሩሲያ ላይ እንዲህ ያለ ቀልድ አይሞከርም። ትንሽ ምክር ቤት ውስጥ ግን ጥቂት መቀመጫና አንድ የሚመች የቀኝ ሸሪክ ካለ ሚኒስትርነት ይገኛል።

ቁጥር 14 ከነዚያ ግዛቶች አንዷን ኦልደንቡርግን አመጣ፣ ከእሷም ጋር አንድ አፍሪካዊ ቄስ። በሜይ 1932 ናዚዎች ኦልደንቡርግ ላይ ከ46 መቀመጫ 24ቱን ወስደው ብቻቸውን መንግሥት መሠረቱ፣ መሪያቸው ካርል ሮፈር ይባላል። በዚያ ዓመት ሴፕቴምበር 20 ሮበርት ክዋሚ የሚባሉ የኤዌ ሕዝብ ቄስ በከተማዋ የላምበርቲ ቤተ ክርስቲያን እንዲሰብኩ ተጋበዙ። ሮፈር ጥቁር ሰው እዚያ መድረክ ላይ መቆሙን አልችልም ብሎ ቤተ ክርስቲያኑን እንዲያስቆም ጠየቀ፣ አስፈራራም። ቤተ ክርስቲያኑ እምቢ አለ። ቄሱም ሰበኩ። ሂትለር ሥልጣን ከመያዙ አራት ወር በፊት ነው ይህ። ቁጥር 15፣ 16 እና 17 ከዚህ በኋላ ቤተ ክርስቲያኗ ኋላ ላይ ለናዚዎች ተገዛች አልተገዛችም ብለው ተናከሱ። ሦስቱም የተለያየ ጉዳይ ነው የሚያወሩት። ዘልየዋለሁ።

ቁጥር 18 ጎታን አነሳ፣ እሱም ከቱሪንጂያ ሰባት መሥራቾች አንዷ ናት። በ1918 ልዑሉ ሲወርድ ግራ ዘመሞች የያዟት ነጻ ሪፐብሊክ ነበረች። ግን የሰውየው ልብ ያለው ሌላ ቦታ ነው። የጎታ ግንብ ማለት በ1652 አባ ጎርጎርዮስ ሂዮብ ሉዶልፍን ግዕዝና አማርኛ ያስተማሩበት ነው፣ እናንተ ስለ ሂትለር ታወራላችሁ ብሎ ወቀሰን። እውነቱን ነው። ለእኛ ሰው ከነዚያ ግዛቶች ሁሉ የምትቀርበው ጎታ ናት። አባ ጎርጎርዮስ የአማራ መካነ ሥላሴ ሰው ናቸው፣ ሉዶልፍም የኢትዮጵያን ታሪክና የአማርኛ ሰዋስው ሲጽፍ የተማረው ከእሳቸው ነው። አሥር ያህል ኮመንት በዚህ ነጎደ። አድሚኑ ለብቻው ክር ክፈቱበት ብሎ አዘዘ (ቁጥር 29)። እስካሁን የከፈተ የለም።

ቁጥር 30 ደግሞ እንደተለመደው የኛን ክልሎች ጎትቶ አስገባ። ቁጥር 31 ሰደበው። አድሚኑ ሁለቱንም አጠፋ። ይኼው ነው።

ቁጥር 32 ነገሩን ለማብረድ ይመስለኛል፣ ስለ ጠርሙስ አንገቷ ሪፐብሊክ ጻፈ። ከአንደኛው ጦርነት በኋላ አሜሪካኖች በኮብሌንዝ፣ ፈረንሳዮች በማይንዝ ዙሪያ በካርታ ላይ 30 ኪሎ ሜትር እየለኩ ክብ አሰመሩ። ክቦቹ ሳይነካኩ ቀሩ። በመሀል የጠርሙስ አንገት የመሰለች ቁራጭ መሬት ከሁሉም ተቆርጣ ቀረች። ዋናዋ ከተማ ሎርኽ ናት። ከ1919 እስከ 1923 የራሷን የችግር ጊዜ ገንዘብ እያተመች፣ ኮንትሮባንድ እያሳለፈች ኖረች። በሕግ ግዛት አልነበረችም፣ እኔ ግን ብትሆን ደስ ይለኝ ነበር።

ከዚያ ቁጥር 33 መጣና ሳቁን አቆመው። ይህን ሁሉ ስታወሩ ፌሊክስ ፌኸንባኽን ያነሳ ሰው የለም አለ። ፌኸንባኽ ዴትሞልድ ውስጥ የሶሻል ዴሞክራቶቹ ጋዜጣ የፎልክስብላት አዘጋጅ ነበር። አይሁዳዊ ነው። ቀድሞ የባቫሪያው መሪ የኩርት አይስነር ጸሐፊ ሆኖ ሠርቷል። በሊፔ ጋዜጣው ላይ የሠፈሩን ናዚዎች በስላቅ ይጠብሳቸው ነበር። አልረሱለትም። ማርች 1933 ታሰረ። ኦገስት 7 ወደ ዳኻው ማጎሪያ ካምፕ ትወሰዳለህ ተብሎ በመኪና ሲጓዝ መንገድ ላይ ጫካ ውስጥ በጥይት ገደሉት። ዕድሜው 39 ነበር። ቁጥር 33 በቁጣ ነው የጻፈው። እናንተ ስለ ወንበር ቁጥር ስትከራከሩ የሊፔ ምርጫ ትርጉሙ ይህ ነው አለ። ቁጥር 6 ተመልሶ መጣና እኔም ይህን ነበር ስል የነበረው አለ። እሱ ሲል የነበረው ይህ አልነበረም፣ ቢሆንም ሁለቱን ማንም አልመለሰላቸውም።

ቁጥር 34 የግዛቲቱ መጨረሻ ምን ሆነ ብሎ ጠየቀ። የመለሰው ቁጥር 4 ነው፣ በዚህ ጊዜ ለስለስ ብሎ። ድራከ በፌብሩዋሪ 1933 ከሥልጣን ወረደ። ሊፔን ከበላይ ሆኖ እንዲገዛ አልፍሬድ ማየር የሚባል የፓርቲው ሰው ተሾመ፣ ሻውምቡርግ ሊፔንም ጨምሮ። ይህ ማየር በጃንዋሪ 1942 አይሁዶችን ስለመጨረስ በተመከረበት የቫንዜ ስብሰባ ላይ ከተቀመጡት አንዱ ነው። በጃንዋሪ 1934 በወጣ ሕግ የግዛቶቹ ምክር ቤቶች በሙሉ ተዘጉ። ሂትለርን በየበሩ ያስገቡት ምክር ቤቶች እዚህ ላይ አለቁ፣ ግዛቶቹ ግን በስም ቀጠሉ። ከጦርነቱ በኋላ እንግሊዞች ድራከን መልሰው አስቀመጡት። ሰውየው ብልጥ ነበር። ሊፔ ብቻዋን እንደማትዘልቅ ስላወቀ ከሃኖቨርም ከዌስትፋሊያም ወገን ጋር ተደራደረ። በጃንዋሪ 21 ቀን 1947 ኖርድራይን ቬስትፋለን ውስጥ ገባች። ዛሬ በዚያ ግዛት አርማ ላይ ያለችው ጽጌረዳ የሊፔ ናት። የልዑሉ የነበረው ደንና ግንብም ለብቻው በተቋቋመ የሊፔ ማኅበር እጅ ቆየ፣ ትልቁ ግዛት አልዋጠውም።

ቁጥር 35 ሕዝቡ ተጠይቆ ነው ወይ የገባችው አለ። አልተጠየቀም። በአምስት ዓመት ውስጥ ሕዝበ ውሳኔ ይደረጋል ተብሎ በእንግሊዞች ድንጋጌ ተጽፎ ነበር። አልተደረገም። ቁጥር 36 ታዲያ ሌላዋ ትንሽ ግዛት ኮቡርግ ትሻላለች አለ። በኖቬምበር 1919 ተጠይቃ 88 ከመቶው ቱሪንጂያን እምቢ ብሎ ወደ ባቫሪያ ሄደች፣ በዚህም ምክንያት ከ1945 በኋላ ሶቪየት ዞን ውስጥ ሳትገባ ቀረች። ቁጥር 37 ወዲያው፣ ያችው ኮቡርግ በ1929 ናዚዎች የከተማ ምክር ቤቱን አብላጫ መቀመጫ ያገኙባት የመጀመሪያዋ የጀርመን ከተማ ናት ብሎ አስታወሰው። ቁጥር 36 እስካሁን መልስ አልጻፈም።